ሰሙስ የት አለ?

ብዙ ሰዎች፤ ይልቁንም ልጆቻቸውን ወደ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የላኩ ወላጆች፤ ባገኙኝ ጊዜ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል። «ኬሚስትሪ ተምረህ ሳለህ እንደ ምን ጧፍ ሻጭ ሆንህ?» ይሉኛል። በጥያቄው ውስጥ ግማሹ አድናቆት ግማሹ ሐዘኔታ ስላለበት ለመመለስ ሁልጊዜ ይቸግረኛል። በመንገድ ላይ ቆሞ የሚያወሩት ነገር አይደለምና «እግዚአብሔር የከፈተው በር ነው» ብዬ አልፋለሁ። ይህ መልስ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሙሉ አይደለም፤ በመካከሉ የራሴ ትዕቢትና የራሴ ጥፋት አለበት። እንግዲህ የዚህ ገጽ አንባቢዎች ታግሠው ይሰሙኝ እንደ ሆነ ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ እጽፈዋለሁ።

ያደግሁት ከዳንግላ ከተማ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ በሚርቅ መንደር፤ በእናቴ አባት ቤት ነው። አያቴ እርሻም ከብትም ነበራቸው፤ ልባቸው ግን ያለው በንቦቻቸው ዘንድ ነበረ። ከቤቱ ጣራ ክፈፍ ሥር ዐሥራ አንድ ቀፎ በተርታ ተሰቅሎ ይታይ ነበረ። ቀፎውን የሚሠሩት ራሳቸው ነበሩ፤ ቀርከሃ ሰንጥቀው እንደ ረዥም ቅርጫት ይጐነጕኑታል፤ ውጭውን በጭቃና በእበት ይለስኑታል፤ ሁለቱን አፍ በክዳን ዘግተው ንብ የምትገባበትን ቀዳዳ ብቻ ይተዉለታል። አዲሱም ቀፎ ንብ ሳይገባበት አስቀድሞ በወይራ ጢስ ይታጠናል። በልጅነቴ ያ የወይራ ሽታ በሸተተኝ ጊዜ በዓል የመጣ ይመስለኝ ነበረ።

እኔም ከሕፃንነቴ ጀምሮ በእነዚያ ቀፎዎች ፊት መቀመጥ እወድ ነበረ። መስከረም በሆነ ጊዜ፤ ሜዳው አደይ አበባ በለበሰ ጊዜ፤ ንቦቹ እግራቸውን በቢጫ ዱቄት አጥምደው ሲመለሱ እቈጥራቸዋለሁ። እስከ መቶ ቈጥሬ ይጠፋብኛል፤ እንደ ገና እጀምራለሁ። በዚህም ምክንያት ለየኔታ ትምህርት ዘግይቼ ስደርስ የተቀበልሁት አለንጋ ጥቂት አይደለም። አንድ ቀን ንቦቹ ፊቴን ነድፈውኝ ሁለት ቀን ዓይኔ ሳይገለጥ ዋለ፤ አያቴም ሴቲቱ «ከእንግዲህስ ተማርህ» አሉኝ። እኔ ግን በሦስተኛው ቀን ከዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። አያቴ ይህን አይተው ሳቁ፤ ከዚያም ወዲህ ማር በሚቈርጡበት ሌሊት ጢሱን የምይዝላቸው እኔ ሆንሁ።

በ2003 ዓ.ም. ወደ ባሕር ዳር ለከፍተኛ ትምህርት ሄድሁ። የተመደብሁበት ትምህርት ኬሚስትሪ ነበረ። ለኬሚስትሪ ጥላቻም ፍቅርም አልነበረኝም፤ ልቤ የቀረው ከዚያ ክፈፍ ሥር ነው። ስለዚህ ሌሎች ተማሪዎች ለፈተና በሚያጠኑበት ሰዓት እኔ በመጻሕፍት ቤት ስለ ንብ የተጻፈውን ሁሉ ፈልጌ አነብ ነበረ። በዚያም ሁለት ሰዎችን ዐወቅሁ። አንደኛው ፍራንሷ ሁበር የሚባል የጄኔቫ ሰው ነው። ዓይኑ ገና በወጣትነቱ የጠፋ ሲሆን ቡርነንስ በሚባል በአገልጋዩ ዓይን እያየ የንብን ጠባይ መረመረ። እርሱ ይጠይቃል፤ ቡርነንስ ቀፎ ከፍቶ ይመለከታል፤ ያየውንም ይነግረዋል። በዚህ ዓይነት የደረሰበትን ነገር እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1792 በመጽሐፍ አሳተመው። ዓይን ያላቸው ሰዎች ያላዩትን ብዙ ነገር አይቶ ነበረ።

ሁለተኛው ሎሬንዞ ላንግስትሮት የሚባል አሜሪካዊ ሰባኪ ነው። ይህ ሰው በ1851፤ ይህም እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው፤ በፊላደልፊያ ከተማ ሳለ አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር አስተዋለ። በቀፎ ውስጥ ያለው ክፍተት እጅግ የጠበበ እንደ ሆነ ንቦች በሙጫ ይደፍኑታል፤ እጅግ የሰፋ እንደ ሆነ እንጀራ ይሠሩበታል፤ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ የሆነ እንደ ሆነ ግን መመላለሻ መንገዳቸው አድርገው ይተዉታል። እንግዲህ በዚህ ልክ የተሠራ ሣጥን ቢገኝ በውስጡ የተሰቀሉት ፍሬሞች አይጣበቁም፤ አንድ ንብ ሳይጨፈለቅ አንዱን እንጀራ አውጥቶ ማየትና መመለስ ይቻላል። ዛሬ ዘመናዊ ቀፎ የምንለው ሁሉ ከዚህች ክፍተት ወጣ። ላንግስትሮት በማግሥቱ ዓመት የፈጠራ መብት ተቀበለ፤ ነገር ግን ሌሎች ሳይከፍሉት ሠርተው ተጠቀሙበት እንጂ እርሱ ብዙ አላተረፈበትም። ይህችን የመጨረሻይቱን ዐረፍተ ነገር ያን ጊዜ በችኰላ አለፍኋት።

ይህን ካነበብሁ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ ብል ሐሰት አይሆንብኝም። የአያቴ ቀፎ ማር ሲቈረጥ እንጀራው ይሰበራል፤ እጭም ንብም ይጠፋል፤ ከአንዱ ቀፎ የሚገኘው ማር በመልካም ዓመት እንኳ ከስድስት ኪሎ አያልፍም ነበረ። ስለዚህ አያቴን በልቤ ናቅኋቸው። ይህን ቃል መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን የሆነው እንዲህ ነው። «እንዲህ ያለ ዕውቀት በዓለም ሳለ እርስዎ በቀርከሃ ይደክማሉ» አልኋቸው በክረምቱ ዕረፍት። እርሳቸውም ዝም ብለው ሰሙኝ፤ በመጨረሻም አንዲት ጊደር ሸጠው 1,700 ብር ሰጡኝ። «ልጄ፤ እኔ ሣጥኑን አላውቀውም፤ አንተን ግን ዐውቅሃለሁ» አሉ። በዚያ ገንዘብ ሁለት ዘመናዊ ቀፎ ገዛሁ።

ከሁለቱ አንዱ ባዶውን ቀረ፤ ያዛወርሁት የንብ መንጋ በሳምንቱ ጥሎት ሄደ። ሁለተኛው ግን ጸና። በኅዳር 2005 ዓ.ም. ከወረዳው የግብርና ባለሙያ ማሩን በማሽከርከር ከእንጀራው የሚለይ መሣሪያ ተውሼ ከዚያ ከአንዱ ቀፎ 17 ኪሎ ማር አወጣሁ። ማሩ እንደ ብርሌ የጠራ ነበረ። ጎረቤቱ ሁሉ ሊያይ መጣ፤ እኔም እንደ አዲስ ሙሽራ በመካከላቸው ተንጐራደድሁ። ከመጡት ሰዎች መካከል የደብራችን ገበዝ ነበሩ። ማሩን ቀመሱ፤ መረቁኝም፤ ዙሪያውንም ከተመለከቱ በኋላ በቀስታ፥

«ሰሙስ የት አለ?» አሉ።

ሰም የለኝም ነበረ። ከእንጀራው አፍ ላይ የገፈፍኋት ሰም በአንድ እፍኝ ትሞላለች። እንጀራውን ሳይሰበር ለንቦቹ መመለስ ዋናው ጥበብ እንደ ሆነ፤ ጥቅሙም በዚያ እንደ ሆነ አስረዳኋቸው። እርሳቸውም ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝና «መልካም ነው፤ መልካም ነው። እኔ ግን ጧፍ አጥቼ ነው የመጣሁ። አያትህ በየዓመቱ ሰሙን ለደብሩ ይሰጡን ነበር፤ ዘንድሮ ግማሹ ንብ ወደ ሣጥን ገባ ሲሉ ሰምቼ ነው» አሉ። ከዚህም አያይዘው ከገበያ የሚገዙት ጧፍ ጢሱ ሥዕሉን እንደሚያጠቁር፤ በሰዓታት ጊዜ የሚያነበው ደብተራ ዓይኑን እየጠራረገ እንደሚቈም፤ አንዳንዱም በእጅ ሙቀት ብቻ እንደሚጐብጥ ነገሩኝ። «ሰም ነው ብለው ይሸጡልናል፤ ሰም ግን አይደለም» አሉ።

ወደ ባሕር ዳር ተመልሼ ያንኑ የሁበርን ነገር የሚተርከውን መጽሐፍ እንደ ገና ገለጥሁ። ስለ ሰም የሚናገረውን ምዕራፍ ቀድሞ ዘልዬው ኖሮአል። ሁበር ንቦችን ዘግቶ ማርና ስኳር ብቻ ቢመግባቸው ሰም ሠሩ፤ የአበባ ዱቄት ብቻ ቢሰጣቸው ግን አልሠሩም። ሰም እንግዲህ ከአበባ ተለቅሞ የሚመጣ ነገር አይደለም፤ ንብ የበላችውን ማር በሰውነትዋ ለውጣ ከሆድዋ ሥር በቀጭኑ የምታወጣው ነው። ዐዋቂዎችም አንድ ኪሎ ሰም ለመሥራት ንቦች ከስድስት እስከ ስምንት ኪሎ ማር ይበላሉ ብለው ይገምታሉ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ምሥጢሩ ተገለጠልኝ። ዘመናዊው ቀፎ ብዙ ማር የሚሰጥ ሰም እንዳይሠራ ስለሚያሳርፋቸው ነው። የቀርከሃው ቀፎ በየዓመቱ እንጀራው ስለሚወሰድ ንቦቹ እንደ ገና ይገነባሉ፤ ማሩ ያንሳል፤ ሰሙ ግን ከማሩ ክብደት ከዐሥር አንድ እጅ ያህል ይደርሳል። እኔ የወደድሁትን ነገር ይዤ ገበዙ ላልጠየቁት ጥያቄ መልስ ሰጥቼ ኖሯል። የጠየቁት የተመለሰው እኔ በናቅሁት ቅርጫት ውስጥ ነበረ።

ነገሩ ሁሉ ከዚህ ተጀመረ። በከተማው ውስጥ ሰም ከየት ይገኛል ብዬ ስመረምር ምን ያህል እንደሚጣል ዐወቅሁ። ከአገራችን ማር የሚበዛው ከነሰፈፉ ወደ ጠጅ ቤት ይገባል። ጠጁ ሲጣራ ሰፈፉ ይቀራል፤ አንዳንዱ ቤት ለነጋዴ ይሸጠዋል፤ ብዙው ግን ከጓሮ ይደፋው ነበረ። እኔም ሁለት ጆንያ ይዤ በየጠጅ ቤቱ መዞር ጀመርሁ። ጓደኞቼ በማለዳ ከጠጅ ቤት ስወጣ እያዩ የሚሉትን አንባቢ ይገምተው፤ ወሬውም ዳንግላ ድረስ ደርሶ እናቴ ጾም ጸሎት ያዘችልኝ። የጠጅ ቤቶቹ ባለቤቶች ግን በጎ ሰዎች ነበሩ። በመጀመሪያው ወር በነጻ ሰጡኝ፤ በሁለተኛው ወር፤ ነገሩ ጥቅም እንዳለው ባዩ ጊዜ፤ ዋጋ ቈረጡልኝ። ይህም ተገቢ ነው።

ሰፈፍን ሰም ማድረግ ዕውቀት እንጂ ጥበብ የሚሻ አይመስልም ነበረ፤ ግን ይሻል። ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይቀልጣል፤ በእሳት ላይ በቀጥታ የተጣደ እንደ ሆነ ይጠቁራል፤ ይባስ ብሎም ይቀጣጠላል። ስለዚህ በውኃ ውስጥ ይፈላል፤ በወፍራም ጨርቅ ተጨምቆ ይጠለላል፤ ሌሊቱን ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። በማለዳም ሰሙ ከውኃው ላይ እንደ ቢጫ ሙገራ ሆኖ ይገኛል፤ ከታቹ የተጣበቀው እድፍ በቢላ ይፋቃል። ብረት ድስት ቀለሙን ስለሚያበላሽ አልሙኒየም ይሻላል፤ ይህን የተማርሁት ሦስት ድስት ሙሉ ሰም አጥቁሬ ነው። ከዐሥር ኪሎ ሰፈፍ ብዙውን ጊዜ ሦስት ኪሎ ንጹሕ ሰም አገኝ ነበረ። ፈትሉን የምትፈትልልኝ በተከራየሁበት ግቢ የምትኖር አንዲት መበለት ናት፤ እርስዋን እትዬ ብዬ እጠራታለሁ። የጧፉን አሠራር ያስተማረችኝም እርስዋ ናት። ፈትሉ ልል የሆነ እንደ ሆነ ጧፉ ይንጠባጠባል፤ የከረረ እንደ ሆነ ደግሞ ብርሃኑ ይታፈናል። እኔ ይህን በሒሳብ ላስረዳት ስሞክር «አንተ ልጅ፤ እጅህን እንጂ አፍህን አታሠራው» ትለኝ ነበረ።

አንድ ዓመት ያህል መልካም ሄደ። ትምህርቴን ሳላቋርጥ አምስት አብያተ ክርስቲያናት ጧፍ ከኔ ይወስዱ ጀመር። ለአያቴ ከጊደሪቱ ዋጋ ግማሹን መለስሁ። የደብራችንም ገበዝ ለ2006 ዓ.ም. ትንሣኤ የሚሆን ብዙ ጧፍ አዘዙ፤ ገንዘቡንም፤ 3,200 ብር፤ አስቀድመው ከፈሉኝ። የሕዝቡ አስተዋፅኦ የተሰበሰበበት ገንዘብ ነበረ።

እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ። ትእዛዙ ከዐቅሜ በላይ ነበረ። ዐቢይ ጾም ስለ ሆነ ጠጅ ቤቶቹ ሥራቸው ቀንሶ ሰፈፉ አነሰ፤ ፈተናም ቀርቦ ነበረ። በሕማማት ሰሞን አንድ ነጋዴ የተዘጋጀ ሰም በርካሽ አቀረበልኝ። ሙገራው አምሮ ቢጫ ሆኖ ነበረ፤ ሽታው ግን ደካማ ነው። በጣቴ ብጫነው እንደ ሰም አልተሰበረም፤ እንደ ሳሙና ተንሸራተተ። የአያቴ ልጅ ነኝና ልቤ ወዲያው ዐወቀው። ከነዳጅ ዘይት የሚወጣው ፓራፊን የሚሉት ተቀላቅሎበት እንደ ነበረ ተጠራጠርሁ። በትምህርት ቤቱ የሙከራ ክፍል ወስጄ ለመመርመር ግማሽ ሰዓት ይበቃኝ ነበረ። አልወሰድሁትም። ብመረምረው ልገዛው አልችልም፤ ባልገዛውም ትእዛዙን አላደርስምና፤ አለማወቅን መረጥሁ። እትዬ ሰሙን ስትነካው ቀና ብላ አየችኝ። እኔም ሌላ ነገር አወራሁ።

የትንሣኤ ሌሊት ከአያቴ ጐን ቆሜ ነበረ። በዚያን ጊዜ የአያቴ ዓይን በሞራ መጋረድ ጀምሮ ነበረና ሌሊት የሚያዩት ብርሃኑን ብቻ ነው። መብራቱ ከአንዱ ወደ አንዱ ተላልፎ ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ በበራ ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ደስ አለኝ። ከዚያም ሕዝቡ ሲጠጋጋ፤ ሙቀቱ ሲበዛ፤ በፊቴ ያለው የአንድ ሕፃን ጧፍ ቀስ ብሎ አንገቱን ደፋ። ቀጥሎ የእናቱ። ቀጥሎ በዙሪያዬ ያሉት ሁሉ። ሰዎች በጣታቸው እያቀኑ ሲይዙት ይሞቅና እንደ ገና ይጐብጣል፤ ሰሙም በነጭ ነጠላ ላይ ይንጠባጠባል። የአንዲት አሮጊት ነጠላ ጫፍ በእሳት ተለብልቦ አጠገብዋ የቆመ ዲያቆን በእጁ አጠፋው። ሌላ ጉዳት አልደረሰም፤ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ነገር ግን ሊደርስ ይችል ነበረ። አያቴ የጐበጠውን ጧፍ በሁለት ጣታቸው ይዘው ዳበሱት፤ ወደ አፍንጫቸውም አቀረቡት። ምንም አላሉም። እስከ ቅዳሴው ፍጻሜ የተቃጠለውን ጣታቸውን ሳይለቁ አቅንተው ያዙት።

ቤት ገብተን ጾም ከፈታን በኋላ «ከማን ገዛኸው?» አሉኝ። ነገርኋቸው። «ሳትገዛው ዐውቀህ ነበር?» አሉ። ይህን ጥያቄ ባይጠይቁኝ ምንኛ ደስ ባለኝ። «ተጠራጥሬ ነበር» አልሁ። እርሳቸውም «እንግዲያስ ለእኔ አይደለም የምትነግረው» ብለው ወደ መኝታቸው ሄዱ።

በማግሥቱ ወደ ገበዙ ሄጄ ነገሩን ሁሉ ነገርኋቸው፤ ገንዘቡንም እንደምመልስ ቃል ገባሁ። በልቤ «ተወው ልጄ» የሚሉኝ መስሎኝ ነበረ፤ እውነቱን መናገር ብቻ የሚበቃ መስሎኝ። እርሳቸው ግን «አዎን፤ ትመልሳለህ። የእኔ ቢሆን እተውልህ ነበር፤ የሕዝብ ነውና ልተውልህ አልችልም» አሉኝ። ጥቂትም ዝም ብለው ቆይተው «ለልደት አትምጣ። ለሚመጣው ትንሣኤ ግን እናያለን» አሉ። የጸናውን ዘመናዊ ቀፎ ከነንቡ ሸጥሁ፤ የክረምቱን ወራት በሰው ቤት ሕፃናት አስጠናሁ፤ ገንዘቡን በነሐሴ ጨረስሁ። ነጋዴውን ለመክሰስ አስቤ ነበረ፤ ሰው ሊሰማ የማይፈልገውን ነገር አልነገረኝም ብሎ እንዴት ይከስሳል?

ያን ክረምት ግን አንድ ነገር አሰብሁ። እኔ የሙከራ ክፍል ነበረኝ፤ አልተጠቀምሁበትም። ገበዙ ግን ምንም መመርመሪያ የላቸውም፤ ሻጩን ማመን ወይም አለማመን ብቻ ነው። ስለዚህ ማንኛውም ሰው በቤቱ ሊያደርገው የሚችል ፈተና ፈለግሁ። መሠረቱ የቈየ ነው፤ በኬሚስትሪ ከምንማረው ውጭ አይደለም። የንብ ሰም ከፓራፊን ይከብዳል፤ ሁለቱም ከውኃ ይቀላሉ። እንግዲህ በሁለቱ መካከል የሚመዝን ፈሳሽ ቢገኝ ንጹሑና የተቀላቀለው ይለያያሉ። በትምህርት ቤት ይህ በአልኮልና በውኃ ይደረጋል። በገጠር አልኮል ከየት ይመጣል? ዳግም አረቄ አለ።

አደራረጉ ይህ ነው። አስቀድሞ ንጹሕ መሆኑን በዓይናችን ካየነው ቀፎ የተገኘ ሰም ቀልጦ እንደ ሽምብራ ትንሽ ይድበለበላል፤ በውስጡ አየር እንዳይኖር ያስፈልጋል። በብርጭቆ አረቄ ውስጥ ሲጣል ይሰጥማል። ከዚያ ውኃ ጠብ ጠብ እያደረጉ ያማስሉታል፤ ሰሙም ከታች ተነሥቶ በመካከል የሚቆምበት ጊዜ ይደርሳል። ያን ጊዜ ውኃው ይበቃል። አሁን የሚጠረጠረው ሰም በዚያው ዓይነት ተድበልብሎ ይጨመራል። እንደ መጀመሪያው በመካከል ከቆመ መልካም፤ ወደ ላይ ከተንሳፈፈ ግን ፓራፊን ወይም የከብት ስብ አለበት። ንጹሑ ሰም ገና ውኃ ሳይጨመር የተንሳፈፈ እንደ ሆነ ጥፋቱ የሰሙ አይደለም፤ የአረቄ ሻጭዋ ነው። ይህ ፈተና ተንኰልን ሁሉ አይዝም፤ ከባድ ሙጫ ጨምሮ ሚዛኑን የሚያስተካክል ብልጥ ሰው አይታጣምና አፍንጫና ጣትም ይጨመሩበት። ሆኖም በገበያ የሚገኘውን ቅልቅል አብዛኛውን ይለየዋል።

በሚቀጥለው ዐቢይ ጾም ወደ ገበዙ ስሄድ ከጧፉ ጋራ አንዲት ብርጭቆ፤ አንድ ጠርሙስ አረቄና ከአያቴ ቀፎ የወጣች እፍኝ ሰም ይዤ ሄድሁ። «ከእኔ ጧፍ የፈለጉትን አንሥተው ይመርምሩ» አልኋቸው። እርሳቸውም ጠርሙሱን አይተው «በጾም?» አሉኝ። የማይጠጣ መሆኑን አስረዳሁ። ሦስት ጧፍ ከሦስት ቦታ መዘዙ፤ በእጃቸው አቅልጠው ድብልብል ሠሩ፤ መነጽራቸውንም አድርገው ብዙ ጊዜ ተመለከቱ። ሦስቱም በመካከል ቆሙ። ከዚያ በኋላ ያለፈውን ዓመት አንድ የጐበጠ ጧፍ ከመጽሐፍ መካከል አወጡ፤ ለካ አስቀምጠውት ኖሯል፤ ከርሱም ቈርሰው ጣሉበት። ወዲያው እንደ ቡሽ ተንሳፈፈ። ሳያዩኝ «ብርጭቆይቱን እዚህ ተውልኝ» አሉ። እስከ ዛሬ በዕቃ ቤቱ አለች፤ የኔም ጧፍ በየዓመቱ ይመረመርባታል፤ ሳልፈራ የገባሁበት ዓመት ግን የለም።

አሁን በባሕር ዳር ዳርቻ ትንሽ የሥራ ቤት አለኝ። እትዬና ሁለት ሌሎች ሴቶች ይፈትላሉ። ሰፈፍ ከጠጅ ቤት እንገዛለን፤ ይልቁንም ደግሞ ከመንገድ የራቁ መንደሮች፤ ማሩን በልተው ሰሙን ይጥሉ ከነበሩት፤ በኪሎ እየመዘንን እንገዛለን። ባለጠጋ አልሆንሁም፤ ዕዳም የለብኝም። ለጐረቤት ገበሬ ምክር በተጠየቅሁ ጊዜ «ማር ለመሸጥ የፈለግህ እንደ ሆነ ሣጥኑን ግዛ፤ የቀርከሃውንም አትጣለው» እላለሁ፤ አንዳንድ የግብርና ባለሙያዎች በዚህ ነገር ይቀየሙኛል።

አያቴ አሁን ዓይናቸው ፈጽሞ ታውሯል። ባለፈው ኅዳር ልጠይቃቸው በሄድሁ ጊዜ ከዚያው ከክፈፉ ሥር በበርጩማ ተቀምጠው ጆሮአቸውን ከቀፎ ወደ ቀፎ ያስጠጉ ነበረ። የትኛው ሊሰደድ እንደ ተዘጋጀ፤ የትኛው አውራውን እንዳጣ በድምፁ ብቻ ያውቃሉ። የሁበርን ነገር ተረክሁላቸው። ከዚያ በፊትም ብዙ ጊዜ ተርኬላቸው ነበረ፤ ግን ደጋግመው መስማት ይወዳሉ።

«ያ አገልጋዩ ስሙ ማን ነው ያልኸኝ?» አሉ።

«ቡርነንስ።»

«እርሱንም ከጌታው ጋራ ጽፈውታል?»

«አዎን፤ አባባ፤ ጽፈውታል።»

«መልካም» አሉ። በትራቸውንም ወደ ዳር ዘርግተው የመጨረሻውን ቀፎ መቱ። «እንግዲያስ ጢሱን ያዝና ያችን ክፈታት። የምታየውን ሁሉ ንገረኝ።»